የደም ዕርቅ በሕግ አውጪዎች ፊት

የስዊስ ተወላጅ ዣን ግራቨን ያረቀቀውና በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ የነፍስ ግዳይን ነገር በሽማግሌዎች ዕርቅ የሚፈጽም ሥርዐት አልደነገገም። ይሁን እንጂ ሽምግልናው አልቀረም፤ ገዳይ እስራቱን ፈጽሞ ወደ አገሩ ሲመለስ፥ የሟች ወገን ደሙን እንዳይፈልግ ቅጣቱ ብቻ ዋስ ሊሆነው አልቻለምና።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ የባህል ዳኝነትን፥ ባለጉዳዮቹ ሲስማሙ፥ ለግልና ለቤተ ሰብ ክርክር ፈቀደ፤ ስለ ወንጀል ግን ዝም አለ። በ2013 ዓ.ም. የኦሮሚያ ጨፌ በአዋጅ ቁጥር 240 ለባህል ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጠ።

እንግዲህ ሕግ አውጪዎችን ሊያሳምን የሚገባው የልማዱ ጥንታዊነት አይደለም፤ ቂምን መሻሩ ነው። ነገር ግን በአንዳንድ ሕዝብ ልማድ ልጃገረድ ለደም ካሳ ተሰጥታ ታውቃለችና፥ ደካማው ሳይገደድ መስማማቱ ካልተረጋገጠ፥ ዕርቁ ሁለተኛ በደል ይሆናል።