«ባዶ» በርሜልና ሁለተኛው ባለቤቱ፦ የአደገኛ ኬሚካል መያዣዎች ታሪክ በኢትዮጵያ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ተራ ዕቃ ነው፤ ስለ በርሜል። የታሪክ ባለሙያዎች ስለ ጠመንጃ፣ ስለ ባቡርና ስለ ቡና ብዙ ጽፈናል፤ ስለ በርሜል ግን እምብዛም አልጻፍንም። ይሁን እንጂ ነዳጁ፣ የሞተር ዘይቱ፣ ፀረ-ተባዩና አሲዱ በብዛት የተጓዘው በእርሱ ነው። ይዘቱ ሲያልቅ በርሜሉ ይቀራል። ጥያቄዬም እዚህ ላይ ይጀምራል፤ የያዘው አደገኛ ነገር ካለቀ በኋላ በርሜሉ የማን ይሆናል? አደጋውንስ የሚያውቀው ማን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩና የአዋጅ ቁጥር ካልሆኑ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ የምናውቀው የብረት በርሜል ዕድሜው ረጅም አይደለም። በ1905 በአሜሪካ፣ በጋዜጠኝነቷ ስመ ጥር የነበረችው ኔሊ ብላይ ትመራው በነበረ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ዌርሃን የብረት በርሜል የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት 200 ሊትር ገደማ የሚይዘው በርሜል በዓለም ላይ የተለመደ መያዣ ሆነ። ጥንካሬው ተፈላጊ አደረገው፤ ከያዘው ነገር በላይ ረጅም ዕድሜ እንዲኖርም ያደረገው ይኸው ጥንካሬው ነው።

በእኛ ታሪክ ውስጥ መርዝ የያዘ በርሜል በግልጽ ከተነሣባቸው ቦታዎች አንዱ ጄኔቫ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ባሰሙት ንግግር፣ የኢጣልያ ጦር የሰናፍጭ ጋዝ ፈሳሽ የያዙ በርሜሎችን በታጠቁ ሰዎች ላይ ይጥል እንደ ነበር አስረድተዋል። ዘዴው ብዙ ውጤት ያላመጣበትንም ምክንያት ገልጸዋል፤ ፈሳሹ የደረሰው ጥቂት ወታደሮች ዘንድ ብቻ ነበር፤ መሬት ላይ የወደቀው በርሜልም ራሱ ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ኋላ መርዙ ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ መረጨት ጀመረ። ይህ ምስክርነት ለዛሬው ርዕሳችን ትልቅ ፍሬ ነገር አለው። በዚያ ዘመን በርሜሉን ያየ ሰው ይሸሽ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በመጣው ሕይወታችን ግን በርሜሉን ያየ ሰው ዋጋውን ይጠይቃል።

ይህን ለውጥ ለመረዳት ወደ ቂርቆስ እንምጣ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ሲሆን፣ ለገሃር የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። ቄራና ጎተራም እዚያው ናቸው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸውና «ካዛ ኢንቺስ» ከሚባሉት ቤቶች ነው። በነዚህ ሰፈሮች ግቢ ውስጥ በርሜል የማይታይበት ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ይጠራቀምበታል፤ ለድግስ ጠላ ይጠመቅበታል፤ ለሁለት ተቆርጦ ከሰል ይነድበታል፤ ተቀጥቅጦና ተዘርግቶ አጥር ወይም በር ይሆናል። ያረጀውን ቆራሌው ገዝቶ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይወስደዋል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ከነዋሪዎች ፍራሽና ቁም ሣጥን ጋር የውሃ በርሜል ተጭኖ ሲሄድ አይቻለሁ። እነዚያ በርሜሎች መጀመሪያ ምን ይዘው እንደ ነበር ከላያቸው ማንበብ አይቻልም ነበር።

ይህን የምለው ሕዝቡን በድንቁርና ለመክሰስ አይደለም። በገበያው ላይ የበርሜል ዋጋ የሚወሰነው ባለመብሳቱ፣ ባለመዛጉና ክዳን ባለው መሆኑ ነው። የሚያፈስ በርሜል ርካሽ ነው፤ የማያፈስ ውድ ነው። መርዝ የያዘው በርሜል ግን ብዙ ጊዜ በጥንቃቄ የተሠራ፣ የማያፈስና ቀለሙ ያልለቀቀ ነው። ስለዚህ ገበያው አደገኛውን በርሜል ከሌላው አብልጦ ሊወደው ይችላል።

አደገኛ በርሜሎች በብዛት የገቡበት አንደኛው መንገድ የፀረ-ተባይ ዘመቻ ነው። በ1958 የበረሃ አንበጣ 167,000 ቶን እህል አጠፋብን። በ1959 የወባ ማጥፋት ድርጅት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ ዋነኛ መሣሪያው ነበር። በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን የመሠረተው ስምምነት አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። በደርግ ዘመን ደግሞ የመንግሥት እርሻዎች ተስፋፉ። መድኃኒቱ በግዥም በእርዳታም ገባ። አንዳንድ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ መጣ፤ አንዳንድ ጊዜ አንበጣው ከሄደ በኋላ ደረሰ። በመጋዘን ሲቆይ ጊዜው አለፈበት፤ መለያ ጽሑፉ ደበዘዘ፤ በርሜሉ ዝጎ ማፍሰስ ጀመረ።

በዚህ ክፍለ ዘመን መባቻ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በኢትዮጵያ 3,000 ቶን ገደማ ጊዜው ያለፈበት ፀረ-ተባይ፣ 1,000 በሚጠጉ ቦታዎች ተከማችቶ እንደሚገኝ ገለጸ። ከአፍሪካ ታላላቅ ክምችቶች አንዱ ነበር። ክሎርዴን፣ ዲዲቲ፣ ዲልድሪን፣ ሊንዴንና ማላታዮን በውስጡ ነበሩበት። አገራችን እንዲህ ያለውን መርዝ በከፍተኛ ሙቀት የሚያቃጥል ምድጃ አልነበራትም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር 1,500 ቶን ገደማ በአዳዲስ መያዣዎች ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ፊንላንድ ሄዶ ተቃጠለ። የሚያኮራ ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ጉዳይ ከዚህ ሥራ ውጭ መቅረቱ የግድ ነበር። ሰዎቹ ሊቆጥሩ የቻሉት በመጋዘን ያገኙትን ነው፤ አስቀድሞ ባዶ ሆኖ የተሸጠው በርሜል በመጋዘን ዝርዝር ውስጥ ሊገኝ አይችልም። እርሱ የሰው ግቢ ገብቷል።

ሕጉስ ምን አደረገ? በግንቦት 1988 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ፣ የኑክሌርና የኢንዱስትሪ ቆሻሻን በአፍሪካ መጣል በአፍሪካና በሕዝቧ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን አወጀ። በማግሥቱ ወር ከኢጣልያ የመጣ በሺህ የሚቆጠር መርዛማ በርሜል በናይጄሪያ ኮኮ ወደብ አጠገብ መጣሉ ተጋለጠ፤ ከበርሜሎቹም አንዳንዶቹ ለቤት አገልግሎት ውለው እንደ ነበር ተዘግቧል። የባዝል ስምምነት በ1989፣ የባማኮ ስምምነት በ1991 ተከተሉ። የሁለቱም ዋና ጭንቀት ድንበር የሚሻገረው ቆሻሻ ነው። ኢትዮጵያ የሁለቱም አባል ሆናለች። በአገር ውስጥም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999፣ የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002፣ ኋላም የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥተዋል።

የእኔ መከራከሪያ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ጉዳዩን የሚያየው «ቆሻሻ» በሚል ስም ነው። ባዶ በርሜል ግን በሻጩም በገዢውም ዓይን ቆሻሻ አይደለም፤ ንብረት ነው። በርሜሉን የሸጠው የመጋዘን ጠባቂ «ቆሻሻ አስወገድኩ» አይልም፤ የገዛችውም እናት «ቆሻሻ ገዛሁ» አትልም። በሁለቱ መካከል የሕጉ ቃል ሰሚ ያጣል።

«ባዶ» የሚለው ቃል ራሱ ያታልላል። የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ፣ እጅግ መርዛማ ከሆኑት ነገሮች በቀር፣ ሊወጣ የሚችለው ሁሉ ወጥቶለት ከግርጌው እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቅሪት ያለበትን መያዣ «ባዶ» ይለዋል። በ200 ሊትር በርሜል ይህ ከ6 ሊትር በላይ ነው። ተቀጣጣይ ነገር የያዘ በርሜል ደግሞ ፈሳሹ ካለቀ በኋላ ትነቱ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፤ በጋዝ ብየዳ ለመቁረጥ የሚሞክር ሠራተኛ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በሜዳ ላይ አቃጥሎ ማጽዳትም መርዙን ወደ ጭስ መለወጥ ነው።

መፍትሔው አይታወቅም ማለት አንችልም። የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጡት መመሪያ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ፀረ-ተባይ የያዘ ዕቃ ወዲያው ሦስት ጊዜ እንዲለቀለቅ፣ እጣቢውም ወደ መርጫው ታንከር እንዲመለስ፣ ከዚያም መያዣው ተበስቶ ዳግመኛ ለአገልግሎት እንዳይውል እንዲደረግ ይመክራል። ለአንበጣ የሚረጨው ብዙው መድኃኒት ግን በዘይት የተዘጋጀ ነው፤ ውሃ አያጥበውም። ከ2019 እስከ 2021 አንበጣው ተመልሶ በመጣ ጊዜ የበርሜሉ ጥያቄም አብሮት ተመልሷል። እንዲህ ያለውን በርሜል አቅራቢው መልሶ ሊወስደው፣ ወይም በባለሙያ ጸድቶና ተጨፍልቆ ወደ ብረት ማቅለጫ ሊሄድ ይገባል። የሰው ቤት የሚገባበት ቅርጽ ሊቀርለት አይገባም።

ይህ እንዲሆን ግን ቅጣት ብቻውን አይበቃም። ያልተበሳ በርሜል ከተበሳው የበለጠ ዋጋ እስካወጣ ድረስ ማንም አይበሳውም። ስለዚህ ገንዘቡ ከመጀመሪያው ይታሰብ፤ አስመጪው ሲያስገባ መያዣ ገንዘብ ያስቀምጥ፤ የተበሳውን በርሜል ለመለሰ ሰው፣ ቆራሌውም ቢሆን፣ ከገበያው የሚበልጥ ይከፈለው። ቆራሌውና የምናለሽ ተራ ነጋዴ ዛሬም የከተማዋን ብረት የሚያሰባስቡ ሰዎች ናቸው። እነርሱን ያላካተተ ሥርዓት ከወረቀት አይወርድም።

ለታሪክ ተማሪዎችም አንድ አደራ አለኝ። የመዛግብት ቤቶቻችን የገባውን መድኃኒት በቶን ይመዘግባሉ፤ መያዣው የት እንደ ደረሰ የሚያውቁት ግን ሰዎች ናቸው። የድሮ መጋዘን ሠራተኞችን፣ የአንበጣና የወባ ዘመቻ ባልደረቦችን፣ የምናለሽ ተራ አዛውንቶችን በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። በ1928 ዓ.ም. መሬት ላይ የወደቀው በርሜል ያየውን ሰው ያስጠነቅቅ ነበር። ዛሬ በርሜሉ ዝም ብሏል፤ ስለ እርሱ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።