ከእረኛ ዘፈን እስከ እጅ ስልክ፤ የወጣቱ የፖለቲካ ድምፅ በኢትዮጵያ

የጥንት ነገሥታትና መኳንንት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበር በትውፊት ይነገራል። ሹም የሚፈራውን፣ ሽማግሌም የሚሸፍነውን ነገር ወጣቱ በዜማ ያወጣዋል ከሚል እምነት የመነጨ ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲህ የወጣቱ መናገሪያ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። አንድ ጉዳይ ግን ሳይፈታ ቆይቷል፤ ይኸውም የተነገረው ነገር የት ተመክሮበት ውሳኔ ያገኛል የሚለው ነው።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ ሰልፍ ሲወጡ፣ የዘመኑ መሣሪያ በስቴንስል ተመትቶ የሚባዛ ወረቀት ነበር። ጽሑፉ ይታረማል፤ ይባዛል፤ ከእጅ ወደ እጅም ይተላለፋል። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ወጣ፤ በታኅሣሥ 19 ቀን ደግሞ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። ወረቀቱ ይደርስ የነበረው ለጥቂት አንባቢዎች ቢሆንም፣ የመሬትና የብሔረሰቦች ጥያቄዎች ከዚያ ወዲህ ያለውን የአገሪቱን ፖለቲካ ቀርጸዋል።

በ1966 ዓ.ም. ክረምት «ዲሞክራሲያ»ና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» የተባሉት ኅቡዕ ልሳኖች መውጣት ጀመሩ። በመጀመሪያ ክርክራቸው በሐሳብ ነበር። ሁለቱም ወገኖች የሚያከብሩት ሸንጎ ስላልነበረ ግን ክርክሩ ወደ ጠላትነት ተለወጠ፤ ደርግም ሥልጣኑን በኃይል ሲያጸና ቀይ ሽብር በሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶችን ፈጀ።

በ2004 ዓ.ም. «ዞን ዘጠኝ» የተባለ የወጣቶች ስብስብ «ስለሚያገባን እንጦምራለን» በሚል መሪ ቃል በኢንተርኔት መጻፍ ጀመረ። ስሙ የቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞኖች ስላሉት ዘጠነኛው ከአጥር ውጭ ያለው አገር ነው ለማለት የተሰጠ ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት አባላቱና ሦስት ጋዜጠኞች ተይዘው ከአንድ ዓመት በላይ በእስር ቆዩ።

በኅዳር 2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ ተቃውሞ እንደገና ሲቀሰቀስ፣ የሰልፉና የጉዳቱ ምስል በፌስቡክ አማካይነት ከአገር አልፎ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይደርስ ነበር። በግንቦት ወር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች በማኅበራዊ መገናኛ ወጡ፤ ፈተናውም ተሰረዘ። በውጭ አገር የነበሩት የተቃውሞው አራማጆች፣ ትምህርታቸው ለወራት የተቋረጠባቸው ተማሪዎች ጊዜ ይሰጣቸው ሲሉ ነበር። በዚያው ክረምት ፈተናው እንደገና ሲሰጥ መንግሥት ማኅበራዊ መገናኛዎችን ለቀናት ዘጋ። ተቃውሞው ቀጥሎ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ከሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ።

ይሁን እንጂ ለውጥን የጠራው ስልክ ጥላቻንም አሰራጨ። በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 ወጣ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ሁከት ሲነሣም ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋረጠ።

ስቴንስሉ ዘገምተኛ በመሆኑ ጸሐፊውን ደጋግሞ እንዲያስብ ያስገድደው ነበር፤ ስልኩ ግን ቁጣን ሳይበርድ ያደርሳል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ዘገምተኛው ወረቀትም ቢሆን ትውልዱን ከመተላለቅ አላዳነውም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ መጫን ታሪክን መሳት ነው። መዝጋትም ድምፁን ያዘገየዋል እንጂ ጥያቄውን አይመልሰውም። በሁለቱም ዘመን የጐደለው፣ ወጣቱ ከተቃዋሚው ጋር ተቀምጦ የሚከራከርበትና ቢረታም በሕይወት ወደ ቤቱ የሚመለስበት ሸንጎ ነው። የጥንቱ ሹም እረኛው ያለውን ጠይቆ ይሰማ ነበር፤ እረኛውን ከምክሩ ላይ ግን አላስቀመጠውም።