የሰላም ጉሮሮ ምን ይላል?

ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. በአፋር፣ ዲኪካ ላይ አሰሳ ያደርግ የነበረው ጥላሁን ገብረሥላሴ ከአንድ ተዳፋት ላይ አንዲት ትንሽ ፊት ከአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ብቅ ብላ አየ። የቡድኑ መሪ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ግንባሯ ልሙጥ፣ ክራንቻዋም አጭር መሆኑን ሲያዩ ከሰው ዘር ወገን እንደሆነች ለዩ። ድንቅነሽ (ሉሲ) በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ሐዳር ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ አዋሽን መሻገር ነው። በኋላ “ሰላም” የተባለችው ይህች ሕፃን የኖረችው ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ጋዜጦች “የሉሲ ልጅ” ብለው ጠሯት፤ ስሙ ለጆሮ ቢጥምም ስሕተት ነው። ሰላም ከድንቅነሽ ቢያንስ በ100 ሺህ ዓመት ትቀድማለች።

ጎርፍ ያመጣው ደለል ፈጥኖ ስለቀበራት አውሬ አልበተናትም። በአንጻሩ የራስ ቅሏ፣ የጎድን አጥንቶቿና አከርካሪዋ ከአሸዋው ጋር ተጣብቀው አንድ ድንጋይ ሆነው ነበር። አክሱም ተወልደው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ፣ በፓሪስ ደግሞ የሰው ዘር አመጣጥን ያጠኑት ዘረሰናይ የጥርስ ሐኪም መሣሪያ ይዘው አሸዋውን ቅንጣት በቅንጣት ሲለቅሙ ዓመታት አለፉ። በዚህ ሥራ እጅ ከቸኮለ አጥንቱ ከድንጋዩ ጋር ይሄዳል። ከዚያ ትዕግሥት ትንንሽ ጣቶች ወጡ፤ የአተር ፍሬ የምታህል የጉልበት ሎሚ ወጣች። ግኝቱ በኔቸር መጽሔት የታተመው መስከረም 11 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ከመንጋጋዋ ሥር የተገኘው ስስ አጥንት ነው። ሃዮይድ ይባላል። ምላስና ማንቁርት የተንጠለጠሉት በእሱ ላይ ነው፤ እሱ ራሱ ግን ከየትኛውም አጥንት ጋር አይጋጠምም፤ በጡንቻና በጅማት ብቻ ተይዞ ይኖራል። ሥጋው ሲበሰብስ ወድቆ ይጠፋል። የጥንት ሰው ሃዮይድ እንደ ብርቅ የሚታየውም ለዚህ ነው። እስራኤል ውስጥ ከከባራ ዋሻ በ1983 እ.ኤ.አ. የተቆፈረው የኒያንደርታል አፅም ሃዮይዱን ይዞ ሲገኝ ቅርጹ ከእኛው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ በመታየቱ፣ ኒያንደርታል ይናገር ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሙግት እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ።

የሰላም ግን እንደ ጎሪላና እንደ ቺምፓንዚ ነው፤ መሐሉ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ ሰፍቷል። በእነዚህ እንስሳት ከማንቁርት የሚነሣው የአየር ከረጢት ወደዚያ ጉድጓድ ይዘልቃል። ከረጢቱ ድምፅን ያጎላል፤ “አ”ን ከ“ኢ”፣ “ኢ”ን ከ“ኡ” ጥርት አድርጎ መለየትን ግን ያከብዳል። ሰላምም እንዲህ ያለ ከረጢት ሳይኖራት አልቀረም። አንድ አጥንት ብቻውን ስለ ንግግር ፍርድ አይሰጥም፤ የምላስ ቅልጥፍናም ሆነ የአእምሮ ዝግጅት በአጥንት አይታተምም። ቢሆንም ከወገቧ በታች ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ከአንገቷ በላይ ግን ገና የዝንጀሮ ድምፅ ያላት ሕፃን ፊታችን ቆማለች። በሁለት እግር መሄድ ንግግርን በብዙ ዘመን ቀድሟል ማለት ነው።

የፓሪስ የቋንቋ ጥናት ማኅበር በ1866 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ስለ ቋንቋ አመጣጥ የሚቀርብ ጽሑፍ ሁሉ እንዳይቀበል ከልክሎ ነበር። አልፈርድበትም፤ ሁሉም የመሰለውን የሚናገርበት፣ ማስረጃ የሌለበት ወሬ ነበር። አሁን ግን በእጅ የሚዳሰስ ነገር ተገኝቷል።

የአንጎሏ ነገር ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። የራስ ቅሏ ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ባለው ኃይለኛ የኤክስሬይ ተቋም ተነሥቶ ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ታተመ። ተመራማሪዎቹ በጥርሷ ውስጥ በየዕለቱ የተጻፉትን የእድገት መስመሮች ቆጥረው 861 ቀን እንደኖረች ደረሱበት፤ ቀድሞ የሦስት ዓመት ልጅ ናት ይባል ነበር። አንጎሏ በራስ ቅሉ ውስጥ ያተመው እጥፋት የዝንጀሮ ነው፤ እድገቱ ግን ከቺምፓንዚ የዘገየ ነው። ዘግይቶ የሚያድግ አንጎል ረጅም ልጅነትን ይጠይቃል፤ ረጅም ልጅነት ደግሞ የእናትን ጉያና ረጅም የመማሪያ ጊዜን። እኔ እንደማምነው የንግግርን መነሻ የሚፈልግ ሰው ከጉሮሮ ይልቅ እዚህ ላይ ረዘም አድርጎ ሊቆም ይገባዋል። ሕፃኗ ጠርታ እናቷ የምትመልስበት ዘመን፣ ቃል ከመኖሩ በፊት፣ መራዘም ጀምሮ ነበርና።

ከሰላም ቀጥሎ የሚጠቀሱት ጥንታዊ ሃዮይዶች የስፔን፣ አታፑዌርካዎቹ ናቸው፤ 400 ሺህ ዓመት ገደማ አላቸው፤ ቅርጻቸውም እንደ እኛው ነው። የአየር ከረጢቱ የጠፋው በሰላምና በእነዚህ መካከል ባለው ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ዓመት ውስጥ ነው። መቼ እንደጠፋ የሚነግረን በዚህ መካከል የኖረው የሆሞ ኢሬክተስ ሃዮይድ ነው፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ እንደ ዲኪካው ያለ፣ ሕፃንን ሳይበታትን የቀበረ ደለል መፈለግ ያስፈልጋል።