የጥንቸሎች ኅብረ ቀለምና የአውደ ርእይ ሕግ

ያዕቆብ ከአማቱ ከላባ ጋር ስለ ደመወዙ በተዋዋለ ጊዜ ከመንጋው ዝንጉርጉሩንና ነቁጣ ያለበትን ለራሱ እንደ ጠየቀ ኦሪት ዘፍጥረት ይነግረናልና፥ የእንስሳ መልክ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያልፍበትን መንገድ መመርመር ለሰው ልጅ ጥንታዊ አሳብ እንጂ አዲስ አይደለም። በእኛ ዘንድ ጥንቸል በኦሪት ዘሌዋውያን ከተከለከሉት እንስሳት አንዷ ስለ ሆነች ለማዕድ አትቀርብም፤ በእንግሊዝ አገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት የእጅ ሥራ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ጥንቸልን ስለ መልኳ ብቻ እያረቡ፥ ማኅበር እያቆሙና ዳኛ እየሰየሙ በአውደ ርእይ ያወዳድሩ ነበር።

በዚያ ዘመን ሊቃውንቱን ካሳሳቱት ጥንቸሎች አንዱ የሂማላያ የሚባለው ነው። ሰውነቱ ጸዐዳ፥ ዓይኑ ቀይ፥ ጆሮው፥ አፍንጫው፥ እግሮቹና ጅራቱ ግን ጥቁር በመሆናቸው፥ ባርትሌት የተባለው የእንስሳት ዐዋቂ በ1857 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ራሱን የቻለ አዲስ ፍጥረት መስሎት የላቲን ስም አወጣለት። አርቢዎቹ ግን ይህ ጥንቸል ከሩቅ ተራራ የመጣ ሳይሆን፥ ብርማውን ግራጫና ቺንቺላ የሚሉትን ሲያዳቅሉ ከገዛ ጎጇቸው የተወለደ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ዳርዊንም በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ከመዘገበ በኋላ፥ ግልገሎቹ ፍጹም ነጭ ሆነው ተወልደው ጥቁረቱ በኋላ ቀስ በቀስ እንደሚመጣባቸው ጨመረበት። ከሁለት ባለ ቀለም ወላጆች እንዲህ ያለ ነጭ ልጅ መወለዱ እጅግ አስደንቆት ነበር፤ ምክንያቱን ሊፈታለት የሚችለው የመነኩሴው የግሪጎር ሜንደል ጽሑፍ ከሁለት ዓመት በፊት በብርኖ ከተማ ታትሞ ሳለ፥ እርሱ ግን ሳይጠቀምበት ቀረ።

የሜንደል ሥራ በ1900 እንደገና ከተገኘ በኋላ በአሜሪካ የሐርቫርድ መምህር የነበረው ዊልያም ካስል የጥንቸልን ቀለም በብርቱ ትጋት መረመረ፤ አልፍሬድ ስተርተቨንትም በ1913 የሂማላያው መልክ፥ ሙሉው ቀለምና ፍጹሙ ነጭ በአንድ ስፍራ የሚቀመጡ የአንድ ውርስ ልዩ ልዩ ገጾች መሆናቸውን አስረዳ። ሙሉው ቀለም ሂማላያውን ይሸፍናል፤ ሂማላያውም ፍጹሙን ነጭ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ባርትሌትን ያሳሳተው መልክ በሁለቱ ወላጆች ደም ተሰውሮ የኖረ ነበር። ከዚህም የሚበልጠው ድንቅ ጥቁረቱ በብርድ የሚመጣ መሆኑ ነው፤ ከጀርባው ነጩን ጸጉር ላጭተው በበረዶ ቢያቀዘቅዙት በዚያው ስፍራ ጥቁር ጸጉር ይበቅልበታል።

የተሰወረው ከትውልድ በኋላ የሚገለጥ ስለ ሆነ አርቢው የአያትና የቅድመ አያትን ቀለም በመዝገብ ይጽፋል፤ በአሜሪካ የጥንቸል አርቢዎች ማኅበር ዘንድ ጥንቸልን በዘር መዝገብ ለማስገባት የሦስት ትውልድ ሐረግ ይጠየቃል። በአውደ ርእዩ ግን ዳኛው የሚመለከተው ሐረጉን ሳይሆን በፊቱ የቆመውን እንስሳ ነው፤ ይህም ልዩነት በእንግሊዙ ነጠብጣብ ጥንቸል ላይ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ይህ ጥንቸል በነጭ ላይ የተጻፈ ነው ቢባል ያምርበታል፤ በአፍንጫው ላይ የቢራቢሮ ምልክት፥ በዓይኖቹ ዙሪያ ክበብ፥ በጀርባው ከአንገት እስከ ጅራት የሚወርድ መሥመር፥ በጎኖቹም የነጠብጣብ ሰንሰለት አለው። ነገር ግን ደንቡ የሚፈልገው ይህ መልክ የሚገኘው የነጠብጣቡን ውርስ ከአንድ ወላጅ ብቻ በተቀበለው ላይ ነውና፥ ሁለት ያማሩ ነጠብጣቦች ቢገናኙ ከልጆቻቸው እኩሌታው ብቻ ወላጆቹን ሲመስል፥ ሩቡ ያለ ነጠብጣብ ባለ አንድ ቀለም ይሆናል፤ የቀረው ሩብ ደግሞ ነጠብጣቡ የሳሳ፥ አርቢዎች «ቻርሊ» የሚሉት ነው። ሁለቱም ወገን ለውድድር አይቀርቡም፤ ስለዚህ የማኅበሩ ሕግ ያከበረው መልክ ምንም ያህል ዘመን ቢመረጥ ሊጠራ የማይችል ነው።

ያለ ነጠብጣብ የተወለደው ጤናማ ነው፤ ከነጠብጣብ ጋር ሲዳቀልም እኩሌታ ልጆቹ ለአውደ ርእይ የሚበቁ ይሆናሉ። ቻርሊው ግን ትልቁ አንጀቱ ያለ ልክ የሚሰፋበትና ምግቡን ማሳለፍ የሚያቅተው ሕመም ሲወለድ ጀምሮ ይጠብቀዋል፤ ነጠብጣቡና ሕመሙም ኪት ከሚባለው ዘረ መል ጋር የተያያዙ መሆናቸውን በ2014 የታተመ ጥናት በሌላ ግዙፍ ነጠብጣብ ዝርያ ላይ አሳይቷል። ቻርሊን ባለ አንድ ቀለም ከሆነው ጋር ቢያገናኙት ግልገሎቹ ሁሉ ነጠብጣብ ስለሚሆኑ፥ ይህን ትርፍ ተመኝተው ቻርሊን ሆን ብለው የሚያስወልዱ አርቢዎች አይጠፉም፤ እኔ ግን ይህን ሥራ አልደግፈውም፤ የሽልማት ጥብጣብ የታመመ አንጀት ዋጋ ሊሆን አይገባውምና። ዳኛው ከመድረክ የመለሰው ባለ አንድ ቀለም ለመራቢያ የሚያንስበት ነገር ስለሌለ፥ አርቢ የሆነ ሁሉ ነጠብጣቡን ከነጠብጣብ ጋር ማገናኘት ትቶ ከእርሱ ጋር ያዳቅለው።