አሞሌ፤ ከጎንደር ገበያ እስከ ኮምፒዩተር መስኮት

አንድ ስያሜ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ መመርመር ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ትርፍ ሥራ አይደለም። ለዚህ «አሞሌ» የሚለውን ቃል በምሳሌነት እናቀርባለን።

ጎንደር በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲል ዘመን መናገሻ ከሆነች በኋላ፣ በገበያዋ እንደ ገንዘብ ከሚያገለግሉት አንዱ አሞሌ ጨው ነበር። ጨዉ በአፋር ቈላ ተፈልጦና በልክ ተጠርቦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ደጋው ይወጣል። ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨው ገንዘብ መሆኑንና ከሚወጣበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል።

ዛሬ ይኸው ቃል በኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የአማርኛ ትርጉም ውስጥ «የመሣሪያ አሞሌ»፣ «የአድራሻ አሞሌ» እየተባለ ይገኛል። እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች የጨዉን አሞሌ «ባር» ይሉት ስለ ነበር፣ ተርጓሚዎቹ በዚያው መንገድ የተመለሱ ይመስለናል።

የድልድይን ጥንካሬ በኮምፒዩተር አስመስሎ የሚፈትን መሐንዲስ፣ ጭነት መጫንን፣ አካሉን በጥቃቅን ክፍሎች መከፋፈልን፣ ስሌት ማስጀመርን የመሳሰሉ የሚያዘወትራቸውን ትእዛዞች መርጦ በመሣሪያ አሞሌው ላይ ይደረድራል። ወደ ትእዛዙ በቀጥታ የሚያደርሰውም «አቋራጭ» ይባላል። እንግዲህ የነጋዴው ጭነትና የመንገደኛው ጐዳና በአንድ መስኮት ተገናኙ ማለት ነው።

በስያሜው ላይ ግን ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የጨው አሞሌ ራሱ ዋጋ ነው እንጂ ሌላ ነገር የሚደረደርበት አይደለም፤ ቃሉ ቅርጹን ወሰደ እንጂ ተግባሩን አልወሰደም። «ረድፍ» ቢባል ይሻል ነበር የሚል ቢኖር ግን፣ ረድፍ በሠንጠረዥ ውስጥ የራሱ ሥራ አለው፤ አንድን ቃል ለሁለት ጽንሰ ሐሳብ በአንድ መስኮት ማዋል ተጠቃሚውን ያሳስታል። ስለዚህ አሞሌ ይጽና እንላለን።

ነገር ግን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የሚማር ወጣት አሞሌ ጨው አይቶ ላያውቅ ይችላል። መዝገበ ቃላታችን ሁለቱን ፍቺዎች ከነታሪካቸው አያይዞ ካላስረዳው፣ ስያሜው ባዶ ድምፅ ይሆንበታል፤ የእንግሊዝኛውንም ቃል ይመርጣል። አበው «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ፤ ለስያሜም ይሠራል።