«ባቡሩ ሲገባ» ያልን ጊዜ

ዛሬ ጳጉሜን 5 ነው፤ ነገ 2017 ይገባል። ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ በመልካም ምኞት ተጨናንቋል። ሦስት የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ «ቲቸር፣ የአዲስ ዓመት ዕቅድዎ ምንድን ነው?» ብለው ጽፈውልኛል። የታሪክ መምህርን እንዲህ ያለ ነገር ከጠየቃችሁ መልሱ አጭር አይሆንም፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሐራን ለማታውቋት፦ ከወልድያ ወደ ጭፍራና ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ማሽላና ገበያ የሚያውቃት ቆላማ ከተማ ናት። የአገሪቱ ካርታ ላይ ስሟ ጎልቶ የወጣው ግን በባቡር ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው ሐዲድ መጨረሻው ሐራ ገበያ ነው። ከዚህ ወደ መቀሌ የሚቀጥለውም መስመር መነሻው እኛው ጋ እንዲሆን ታቅዶ ነበር። ውሉ በ2004 ዓ.ም ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ጋር ተፈረመ፤ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነው ተባለ፤ ሥራው በ2007 ተጀመረ።

በ2008 መስከረም፣ ትምህርት በተከፈተ ሳምንት፣ ተማሪዎቼን በግማሽ ወረቀት ላይ የዓመቱን ግባቸውን እንዲጽፉ አዘዝኳቸው። ወረቀቶቹን ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳነብ ሳቄ መጣ። ከግማሽ የሚበልጡት የሚጀምሩት በአንድ ሐረግ ነው፦ «ባቡሩ ሲገባ...»። ባቡሩ ሲገባ ሆቴል እከፍታለሁ። ባቡሩ ሲገባ ጅቡቲ ሄጄ ዕቃ አመጣለሁ። አንዱማ «ባቡሩ ሲገባ እንግሊዝኛ እለምዳለሁ» ብሎ ጽፏል፤ ለመልመድ ባቡር ምን እንደሚያደርግለት እሱ ያውቃል!

እየሳቅኩ እኔም እንደነሱ ነበርኩ። የዚያን ዓመት ተበድሬ ግቢዬ ውስጥ ሁለት ክፍል ሠራሁ፤ ለሠራተኞች ላከራይ። ተከራይ ያገኘሁት ለጥቂት ወራት ነው። ብድሩን ግን አራት ዓመት ከፈልኩት። ባቡሩ እስከ ዛሬ አልገባም። ጦርነቱ መጣ፣ ሥራው ቆመ፣ ንብረቱ ተዘረፈ። ክፍሎቹ ውስጥ አሁን ማሽላ አስቀምጥባቸዋለሁ።

ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም። እንደ ታሪክ ሰው ሳየው ወሎ ከትልቅ ዕቅድ ጋር የቆየ ታሪክ አላት። የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ በ1950 ዓ.ም ተጀመረ። ሦስተኛው ከ1961 እስከ 1965 ነበር። ዕቅዱ ተጠናቆ ሪፖርቱ በሚጻፍበት ሰዓት ወሎ ምን ላይ እንደነበረች የማያውቅ የለም፤ በ1965 እና 66 የነበረውን ረሃብ አባቶቻችን ስሙን ሲያነሱ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ከዚያ ደርግ መጣ። በጳጉሜን 1976 መጨረሻ ኢሠፓ በታላቅ ጉባኤ ተመሠረተ፤ የዐሥር ዓመት መሪ ዕቅድም ጸደቀ። መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ በሰልፍና በመብራት ተከበረ። ዕቅዱ እስከ 1986 ድረስ የሚሄድ፣ በቁጥር የተሞላ ነበር። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ግን በመጋቢት 1976፣ ከበዓሉ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ ረሃብ እየመጣ እንደሆነ ለለጋሾች ተናግሮ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ ከኮረም ያሳየውን ምስል ዓለም አየ፤ ኮረም ያኔ ወሎ ውስጥ ነበረች። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የዚያን መስከረም አደይ አበባ ይዤ ቤት ለቤት ስዞር የትኛውም በር አለመከፈቱን አስታውሳለሁ። ሰው ንፉግ ሆኖ አልነበረም፤ የሚሰጠው አጥቶ ነው።

ዕቅድ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ዕቅድ ባይኖር መንገዱም ትምህርት ቤቱም አይኖርም። ግን ዐሥር ዓመት አሻግሮ የሚያይ ዓይን ደጃፉ ላይ የወደቀውን ካላየ የጎደለው ቁጥር አይደለም። «ለማን?» የሚለው ነው የጎደለው።

አሮጌዎቹ ሰዎች ለአዲስ ዓመት «ግብ» የሚል ቃል አልነበራቸውም። የነበራቸው ስለት ነው። አያቴ በየመስከረሙ ትሳል ነበር፤ አንዴ ጧፍ፣ አንዴ ጃንጥላ፣ አንዴ ደግሞ «ሰው ላበላ» ብላ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለመውሊድ ፍየል ይሳላሉ፤ ዱበርቲዎቹ ዱዓ ያደርጉላቸዋል፤ አያቴም ከመካከላቸው ቁጭ ብላ አሜን ትላለች። ወሎ ነዋ! እርግጥ ስለትም ውስጥ ንግድ ቢጤ አለ፤ ይህን ከሰጠኸኝ ይህን እሰጥሃለሁ ነው ነገሩ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ስለት ሲነገር የሰውዬው ድርሻ ምን እንደሚሰጥ ነው። የዛሬው ዝርዝራችን ግን ሁሉም አገኛለሁ፣ እገዛለሁ፣ እሆናለሁ ነው። እኔ በ2001 ደብተሬ ላይ ዐሥራ አንድ ግብ ጽፌ ነበር። በቅርቡ አግኝቼው አነበብኩት፤ ከዐሥራ አንዱ አንዱም ሌላ ሰው አልነበረበትም። የተሳካውም አንድ ብቻ ነው፦ ቴሌቪዥን ገዛሁ።

አሁን ወደ ዋናው ሰው ልምጣ። እኔ «ዓላማ» የሚለውን ቃል ክፍል ውስጥ ሳስረዳ የምጠራው የጀግና ወይም የንጉሥ ስም አይደለም፤ የወ/ሮ አበበች ጎበናን ነው።

ወ/ሮ አበበች የተወለዱት በ1928 ዓ.ም ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው፤ አባታቸውን ጨቅላ ሳሉ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አጡ። በዐሥር ዓመታቸው ያለ ፈቃዳቸው ሲዳሩ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። ተማሩ፣ ሥራ ያዙ፣ ትዳር መሠረቱ። ኑሯቸው የተደላደለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም መጡ። ግሸን አምባሰል ላይ ናት፤ ትልቁ ንግሥ መስከረም 21 የሚውለው እሷው ናት።

አገሩ ተርቦ ነበር። ወ/ሮ አበበች በመንገድ ላይ የሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃን አዩ። በእጃቸው የነበረው አምስት ዳቦና አምስት ሊትር ጠበል ነው፤ እሱን ለተራበው አከፋፈሉ። ሕፃኗንና ሌላ ወላጅ ያጣ ልጅ ይዘው ቤታቸው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ቶሎ ብሎ ወደ ሽልማቱ ይሮጣል፤ «የአፍሪካ ማዘር ቴሬዛ» ወደተባሉበት። እኔን የሚይዘኝ ግን ያ የመጀመሪያው ዓመት ነው። ባል አልወደዱትም፤ ልጆቹ ወይም ትዳሩ የሚል ነገር መጣ። ሴትዮዋ በአርባ አምስት ዓመታቸው ገደማ ቤታቸውን ለቀው ልጆቹን ይዘው ወጡ። ያላቸውን ሸጡ፤ ምግብ እየሠሩ እየሸጡ አበሏቸው። ፈቃድ ያለው ድርጅት የሆነው ከዓመታት በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ትምህርት ቤቱ፣ የሙያ ሥልጠናው፣ ለእናቶች የሚሰጠው ድጋፍ የተከተለው። እስከ ሰኔ 27 ቀን 2013፣ በኮቪድ እስካረፉበት ቀን ድረስ፣ አርባ ዓመት ያህል ያንኑ ሥራ ነው የሠሩት።

ለመሳለም ሲነሱ ይህን ሁሉ አላቀዱም። ከሄዱበት ጉዳይ ላይ ሌላ ነገር አገኛቸው፤ ሁሉም የሚያልፈውን እሳቸው ማለፍ አልቻሉም። ሺህ ሰው በዚያ መንገድ አልፏል እኮ።

እሳቸው ባረፉ በሁለተኛው ወር፣ በነሐሴ 2013፣ ጦርነቱ ወልድያ ገባ። የ2014ን እንቁጣጣሽ እኛ አካባቢ ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል፤ መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ባንክ የለ። እስከ ታኅሣሥ እንዲያ ነው የቆየነው። የዚያን ዓመት ግብ አልጻፍኩም፤ ማን ይጽፋል? አንድ ጠዋት ግን የጎረቤቴ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፏን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ አሳዩኝ።» እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ሒሳብ ትቼ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ማታ በኩራዝ አጥንቼ ጠዋት አስተማርኳት። በሳምንቱ አራት ሆኑ፤ በወሩ ዐሥራ ሰባት። እዚያው ከማሽላው ክፍል በር ላይ፣ በሩን ጥቁር ሰሌዳ አድርገን። ትምህርት ቤት ሲከፈት ወንበርም መጽሐፍም አልነበረም፤ ልጆቹ ግን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ከወ/ሮ አበበች ጋር ራሴን እያወዳደርኩ እንዳይመስላችሁ፤ እሳቸው ቤታቸውን ለቀዋል፣ እኔ የለቀቅኩት የጠዋት እንቅልፌን ነው። ግን የቅዳሜ ጠዋቷ ክፍል እስካሁን አለች። ብዙ ነገር ጀምሬ ትቻለሁ፤ እሷን ያልተውኳት የምን እልኸኛ ሆኜ አይደለም። ስቀር ልጆቹ በር ላይ ቆመው ስለሚጠብቁኝ ነው።

እናም ለጠየቃችሁኝ፦ የ2017 ዕቅዴ ያችው ቅዳሜ ናት። ዘንድሮ የተጨመረባት ነገር ቢኖር፣ ያ «ባቡሩ ሲገባ እንግሊዝኛ እለምዳለሁ» ያለው ተማሪዬ ነው። ባቡሩን ሳይጠብቅ ለምዶ መምህር ሆኗል፤ ባለፈው ሳምንት ደውሎ «ጋሼ፣ እንግሊዝኛውን እኔ ልያዘው» አለኝ። ከመስቀል በኋላ ባለችው ቅዳሜ ይጀምራል። እናንተም ዝርዝራችሁን ከጻፋችሁ በየመስመሩ ጫፍ «ለማን?» ብላችሁ ጻፉና የሰው ስም የመጣበትን አንዱን ከታች አስቀምጡልኝ፤ አነበዋለሁ። አሁን ግን ሰፈሩ ችቦ ማብራት ጀምሯል፣ ልጆቹም እየጠሩኝ ነው።