የሌሊት ጭልፊቶቹና ከታሪክ የተሰረዘው ንጉሥ

እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 2015 ሁለት ሰዎች ከዌልስ ተነስተው ወደ እንግሊዝ ተሻገሩና ሄሪፎርድሺር ውስጥ ሌምስተር ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ካለ ማሳ ገቡ። በእጃቸው ረዥም ዘንግ የያዘ፣ ጫፉ ላይ የድስት ክዳን የሚመስል ክብ ነገር የተገጠመለት መሣሪያ ይዘዋል። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገዋል። የባለመሬቱ ፈቃድ ግን የላቸውም። መሣሪያው ጮኸ፤ ቆፈሩ።

ከጉድጓዱ የወጣው ነገር ለማመን የሚከብድ ነበር። የወርቅ ቀለበት፣ ጫፉ በአውሬ ራስ የተቀረጸ የወርቅ አምባር፣ በወርቅ የታሰረ የክሪስታል ኳስ ያለው የአንገት ጌጥ፣ የብር ጥፍጥፍና በግምት 300 የሚሆኑ ሳንቲሞች። ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ዓመት በላይ ማንም ያልነካው ሀብት ነው። ዋጋው ከ3 እስከ 12 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚደርስ በኋላ ባለሙያዎች ገምተውታል። ሁለቱ ሰዎች ግን ለማንም ሳይናገሩ ይዘውት ሄዱ።

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለ ወርቅ ሌቦች ይመስላል። እኔን ያንገበገበኝ ግን ወርቁ አይደለም። ከወርቁ ጋር አብሮ የተሰረቀ አንድ ንጉሥ አለ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

እንግሊዞች እንዲህ ያሉትን ሰዎች «የሌሊት ጭልፊት» ይሏቸዋል። ስሙ የወጣው ጥቁር ለብሰው፣ መብራት ቀንሰው፣ በሰው ማሳና በተከለሉ ጥንታዊ ቦታዎች ላይ ሌሊት ከሚያድኑት ነው። ገበሬው ጠዋት ሲነሳ ቡቃያው መካከል ትናንሽ ጉድጓዶች ተቆፍረው ያገኛል። ምን እንደተወሰደበት ግን አያውቅም። የሰረቁትን ዕቃ ባለቤቱ እንኳ አይቶት የማያውቅበት ሌብነት ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ስሙ ግን ያሳስታል። የሌምስተሮቹ ሰዎች የቆፈሩት በቀን ነው፤ ቢሆንም ከሌሊት ጭልፊት ተራ ተመድበዋል። በአንጻሩ ከሥራ ወጥቶ፣ በክረምቱ አጭር ቀን የተነሳ ከመሸ በኋላ፣ ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ በተፈቀደለት ማሳ የሚዞር ሕጋዊ ሰው አለ። ባሕሩ የሚሸሸው በሌሊት ሲሆን አሸዋው ላይ የጠፋ ቀለበት የሚፈልግም አለ። እነዚህ ምንም አላጠፉም። ጭልፊቱን ጭልፊት የሚያሰኘው ሰዓቱ ሳይሆን አለማስፈቀዱና ያገኘውን መደበቁ ነው።

መሣሪያው ራሱ የሚገርም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ተመተው ሲተኙ፣ የስልኩ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱን ሰውነታቸው ውስጥ በድምፅ የሚፈልግ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። አልተሳካለትም። ከምክንያቶቹ አንዱ የአልጋው የብረት ሽቦ መሣሪያውን ግራ ማጋባቱ ነው ይባላል። ከዚያም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኮትላንድ የነበረው ፖላንዳዊ መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ የፈንጂ መፈለጊያውን ሠርቶ ለእንግሊዝ ጦር በነጻ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1942 በኤል አላሜይን ውጊያ 500 ያህሉ ሥራ ላይ ዋሉ። እኛም አገር ብዙ ሰው መሣሪያውን የሚያውቀው በሰሜን ድንበር ፈንጂ ሲለቀምበት ነው፤ አሁን አሁን ደግሞ በወርቅ ፈላጊዎች እጅ። ከጦርነቱ በኋላ እየቀለለና እየረከሰ መጥቶ፣ በ1970ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የተራ ሰው የእረፍት ቀን መዝናኛ ሆነ። የሰውን ሕይወት ለማዳን የተሠራ ዕቃ የሙታንን ጓዳ መበርበሪያ ሆነ ማለት ነው። (ይህን ስል ሁሉንም ተጠቃሚ መውቀሴ አይደለም። ቀጥሎ እንደምታነቡት ለታሪክ ትልቅ ውለታ የዋሉም ከነሱው መካከል ናቸው።)

የእንግሊዝ ሕግ መሣሪያውን ተከትሎ አልሮጠም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሕግ በተከለሉ ጥንታዊ ቦታዎች ላይ ያለ ፈቃድ መፈለግን ከለከለ። ያልተከለለው መሬት ግን የመካከለኛው ዘመን ሕግ ሲዳኝበት ቆየ። በዚያ ሕግ መሠረት የተገኘ ወርቅና ብር ለዘውዱ ገቢ የሚሆነው የቀበረው ሰው «ተመልሼ አወጣዋለሁ» ብሎ የቀበረው መሆኑ ከታመነ ነው። ለአምላክ የተሰጠ ስጦታ ወይም የጠፋ ዕቃ ከሆነ ሕጉ አይመለከተውም። እንግዲህ አስቡት፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የሞተ ሰው ምን አስቦ እንደቀበረ ፍርድ ቤት ቀርቦ ማስረዳት!

የዚህ ሕግ ጉድ የተጋለጠው ሰሪ ውስጥ፣ ዋንቦሮ በምትባል መንደር ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሁለት መሣሪያ ያዢዎች እዚያ የጥንት ሳንቲም አግኝተው በሐቅ ለሙዚየም አሳወቁ። ነገሩ ወደ ኮሮነር ቀረበ። ኮሮነር ማለት ድንገተኛ ሞትን የሚመረምር ሹም ነው፤ እንግሊዝ አገር አሟሟቱ ያጠራጠረ ሰውና የተቀበረ ወርቅ የሚቀርቡት ለአንድ ሹም ነው። በዚያ ግልጽ ችሎት ላይ የቦታው ስም ተጠራ። አለቀ። ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ ሰዎች መሣሪያ እየያዙ ጎረፉ። ቦታው የሮማውያን ዘመን ቤተ መቅደስ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሳንቲሞች ተዘርፈው ወደ ነጋዴዎች ሄዱ። አርኪዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1985 ደርሰው የተረፈውን ሲቆፍሩ፣ ካህናቱ ራሳቸው ላይ ያደርጉት የነበረውን የሰንሰለት ጌጥ አገኙ። ዘራፊዎቹን በዚያ በጃጀ ሕግ በወጉ መቅጣት ግን አልተቻለም።

በዚህ የተቆጡ የሰሪ የታሪክ ወዳጆች ዓመታት የፈጀ ውትወታ አደረጉ። የተቀበረ ሀብት አዋጅ እ.ኤ.አ. በ1996 ጸድቆ በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ያሳውቃል። ሙዚየም ከፈለገው በገበያ ዋጋ ተገምቶ ይገዛዋል፤ ገንዘቡን አግኚውና ባለመሬቱ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ይካፈሉታል። ጎን ለጎንም ተራ ሰው ያገኘውን ቁራጭ ሁሉ የሚመዘግብ የመንግሥት መዝገብ ተከፈተ፤ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ዕቃ ተመዝግቦበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ስታፎርድሺር ውስጥ የተገኘው ከአራት ሺህ በላይ ስብርባሪ ያለው የአንግሎ ሳክሰን ወርቅ 3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ተገምቶ በዚሁ መንገድ ነው የተከፈለበት።

በእኔ አስተያየት የሕጉ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ሰውን «ታሪክህን ውደድ» ብሎ አልሰበከም፤ እውነት መናገር ከመስረቅ የተሻለ እንዲያዋጣ አደረገ። የሌምስተሮቹ ሁለት ሰዎችም ቀድመው ቢያስፈቅዱና ቢያሳውቁ ኖሮ ዕድሜ ልክ የሚበቃ ገንዘብ በሕጋዊ መንገድ ይደርሳቸው ነበር። ስስት ሒሳብ አያውቅም።

አሁን ወደ ንጉሡ ልመለስ።

በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አንድ አገር አልነበረችም። በደቡብ ዌሴክስ አለ፤ ንጉሡ አልፍሬድ ነው። እንግሊዞች «ታላቁ» ብለው ይጠሩታል። ከእሱ በስተሰሜን መርሲያ የሚባል መንግሥት ነበር። እ.ኤ.አ. በ874 አካባቢ ቫይኪንጎች የመርሲያን ንጉሥ አባረሩና ቼዮልዉልፍ የሚባል ሰው ነገሠ። ስለዚህ ሰው ዋናው ምንጭ የአንግሎ ሳክሰን ዜና መዋዕል ነው። ዜና መዋዕሉ ደግሞ የተጻፈው በአልፍሬድ ቤተ መንግሥት ዙሪያ ነው። እዚያ ላይ ቼዮልዉልፍ አላዋቂ ሎሌ፣ የቫይኪንጎች አሻንጉሊት ሆኖ ቀርቧል። እ.ኤ.አ. ከ879 ገደማ በኋላ ወሬው የለም። እንዴት እንደሞተ እንኳ የጻፈ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አልፍሬድ ብቻውን አገር እንዳዳነ የሚተርክ ነው።

ከሌምስተር ጉድጓድ የወጡት ሳንቲሞች ግን ሌላ ይላሉ። ከመካከላቸው «ሁለቱ ንጉሠ ነገሥታት» የሚባለው ዓይነት አለ። በአንድ ገጹ ሁለት ነገሥታት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በላያቸው ክንፍ ያለው መልአክ መሰል ነገር አለ። ቅርጹ ከጥንት የሮማ ሳንቲም የተቀዳ ነው። ይህን ሳንቲም አልፍሬድም ቼዮልዉልፍም በየስማቸው አስመትተዋል። ሎሌና ጌታ እንዲህ ጎን ለጎን አይቀመጡም። ሁለቱ በአንድ የገንዘብ ሥርዓት የተሳሰሩ አጋሮች ነበሩ ማለት ነው። ከ2015 በፊት በዓለም ላይ የዚህ ዓይነት ሳንቲም ሁለት ብቻ ስለነበሩ ጉዳዩ በልዩ ሁኔታ የተሠራ ነገር ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ብዛት ያለው ሲገኝ ግን ማለፍ አይቻልም። አሸናፊው በብራና ላይ የሰረዘውን አጋሩን መሬት ይዛው ቆይታለች።

ያንን ምስክር ነው እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች ኪሳቸው ከተው የበተኑት።

የተያዙበት መንገድም የሚገርም ነው። ከአንድ ወር በላይ ቆይተው፣ ጌጡንና ጥቂት ሳንቲሞችን ብቻ ይዘው ካርዲፍ ወደሚገኘው ሙዚየም ሄዱ። የሳንቲም ክምችት ተገኝቷል የሚል ወሬ ግን በነጋዴዎች ዘንድ ተሰራጭቶ ነበር። ፖሊስ ስልካቸውን ሲመረምር የደመሰሷቸው ፎቶዎች ተመልሰው ወጡ፤ ክምችቱ ገና ሳይበተን የተነሳ ነው። ከሳንቲሞቹ ጥቂቶቹ በአንድ ተባባሪ ቤት የማጉያ መነጽር ማኅደር ውስጥ ተደብቀው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 የዉስተር ፍርድ ቤት አንደኛውን 10 ዓመት፣ ሁለተኛውን 8 ዓመት ተኩል ፈረደባቸው፤ በይግባኝ ወደ 6 ዓመት ተኩልና ወደ 5 ዓመት ዝቅ ብሏል። በዚያን ጊዜ የተመለሱት ሳንቲሞች ከ300 ውስጥ 31 ያህል ብቻ ነበሩ።

በዚያው በ2015፣ በኦክቶበር፣ ኦክስፎርድሺር ውስጥ ዋትሊንግተን አጠገብ አንድ ሌላ መሣሪያ ያዢ በተፈቀደለት ማሳ ላይ ሲዞር መሣሪያው ጮኸለት። የሁለቱ ነገሥታት ሳንቲም ነው፤ ዘመኑም ያው ነው። ይህኛው ሰው ግን ባለሙያ ጠራ። ክምችቱ ከነአፈሩ እንደ ድፎ ዳቦ ሙሉውን ተነስቶ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ በእርጋታ ተፈታ። ወደ 200 የሚጠጉ ሳንቲሞች፣ የብር ጥፍጥፎችና ጌጦች ወጡ፤ «ሁለቱ ንጉሠ ነገሥታት» ብቻቸውን ከአሥር በላይ ነበሩ። የኦክስፎርዱ አሽሞሊያን ሙዚየም በ1.35 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ዛሬ ስለ ቼዮልዉልፍ የሚጻፈው የታሪክ እርማት በአብዛኛው የቆመው በዚህ ማሳ ላይ ነው። የሌምስተሩ ሳይበተን ቢገኝ ምን ይጨምርልን ነበር? ማን ቀበረው? ቫይኪንግ ወይስ የመርሲያ ሰው? የትኛው ሳንቲም ከየትኛው ቀጥሎ ተቀመጠ?

ይህን ሁሉ የማወራው የእንግሊዝ ነገር አሳስቦኝ ብቻ አይደለም። አክሱም ከ3ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን የራሷን ወርቅ፣ ብርና መዳብ ሳንቲም ትመታ ነበር። አፊላስ የሚባለውን ንጉሥ የምናውቀው በሳንቲሞቹ ብቻ ነው። በሳንቲም ላይ ያሉ ብዙ ነገሥታት በየገዳሙ ከተጻፈው የነገሥታት ዝርዝር ውስጥ የሉም። ዒዛና ክርስትናን መቀበሉን ከምናይባቸው ማስረጃዎች አንዱ ጨረቃው ከሳንቲሙ ላይ ወጥቶ መስቀል መግባቱ ነው። የእኛም የተሰረዙ ነገሥታት አፈር ውስጥ ናቸው ማለት ነው።

ከዓመታት በፊት አክሱም ሄጄ፣ ከሐውልቶቹ ወረድ ብሎ አንድ ልጅ እጄን ጎተት አድርጎ ጭብጡን ከፈተልኝ። አረንጓዴ የዛገች፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ መዳብ ነበረች። «ጋሼ፣ የጥንት ናት፤ ዝናብ ሲዘንብ ነው የወጣችው» አለኝ። አልገዛሁትም። ሕጉን አውቃለሁ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዛል። ትክክለኛ ሥራ እንደሠራሁ እየተሰማኝ ወደ ሆቴሌ ተመለስኩ። በየትኛው ማሳ፣ በማን እርሻ እንዳገኛት ግን አልጠየቅሁትም። ጋዜጠኛ ነኝ እባላለሁ። ሳንቲሟ ከእኔ በኋላ ለሌላ ጎብኚ ተሽጣ ይሆናል፤ ያወጣት ማሳ የት እንደሆነ ግን የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው፤ እሱም አሁን ጎረምሳ ሆኗል።

የሌምስተሩ ጉዳይ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2023 የደራም ፍርድ ቤት 44 የዚያው ዘመን ሳንቲሞችን ለመሸጥ ሲያሴሩ በተያዙ ሌሎች ሁለት ሰዎች ላይ ፈርዷል፤ ሳንቲሞቹም ከዚያው ጉድጓድ የወጡ ሳይሆኑ አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ከ200 በላይ የሚሆኑት እስከ ዛሬ የሉም። ቼዮልዉልፍ በየሰዉ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተበትኗል።